አያ ጅቦና ዘመዶቹ፤ መንኰራኩራቸው ስለተበላለጠ ብስክሌቶችና ስለ ባለሞተር ብስክሌት አጭር ታሪክ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፣ የእጅ ሥራ ክበብ አባላት የሆንን ተማሪዎች ለኤግዚቢሽኑ አንድ ባለሞተር ብስክሌት ሠርተን አቅርበናል። ብስክሌቱ ከወዳደቀ ዕቃ የተገጣጠመ ነው፤ የብረት አካሉና የፊት መንኰራኩሩ ከአንድ አሮጌ የአዋቂ ብስክሌት፣ የኋላ መንኰራኩሩ ከተሰባበረ የልጅ ብስክሌት፣ ሞተሩም አገልግሎቱን ካቆመ የውሃ መሳቢያ ላይ የተወሰዱ ናቸው። የፊተኛው መንኰራኩር መካከሉን አቋርጠው ሲለኩት 26 ኢንች ሲሆን የኋለኛው ግን 20 ኢንች ብቻ ነው። ስለዚህ ብስክሌታችን ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ብሎ ሲታይ ጅብ ይመስላል። የክፍል ጓደኞቻችንም ገና ቀለም ሳንቀባው «አያ ጅቦ» ብለው ስም አወጡለት፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ጓደኞቻችን ሲሥቁ መምህራችን ግን ዝም ብለው ብስክሌቱን ዞረው ተመለከቱትና «መንኰራኩሮቹ ለምን ተበላለጡ?» ብለው ጠየቁን። እኛም «ሌላ ስላጣን ነው፣ መምህር» አልናቸው። እሳቸውም፣ «ማጣታችሁንስ አያለሁ፤ ነገር ግን ከእናንተ በፊት ሳያጡ፣ አውቀው ያበላለጧቸው ብዙ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ለምን እንዳደረጉት ሳትመረምሩ ሞተሩን እንዳታስነሡት» አሉን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ መጻሕፍት አገላብጠን ያገኘነውን ታሪክ፣ እንዲሁም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በገዛ ጕልበታችንና ክርናችን የተማርነውን ትምህርት ባጭሩ የሚገልጽ ነው። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ብስክሌት ገና ሲፈጠር መንኰራኩሮቹ ከሞላ ጐደል እኩል ነበሩ። በ1817 ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ በማንሃይም ከተማ ከእንጨት የተሠራ ባለሁለት መንኰራኩር መሣሪያ አወጣ። ፔዳል አልነበረውም፤ ነጂው ላዩ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድበት ነበር። ከዚያም በ1860ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ከተማ እነ ሚሾ በፊተኛው መንኰራኩር እምብርት ላይ ፔዳል የተገጠመለት ብስክሌት እየሠሩ ይሸጡ ጀመር። የመንኰራኩሮች መበላለጥ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ፔዳሉ በራሱ በመንኰራኩሩ ላይ ከተተከለ፣ ነጂው እግሩን አንድ ጊዜ ሲያዞር መንኰራኩሩም የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመንኰራኩሩ ዲያሜትር 1 ሜትር ቢሆን በአንድ ዙር የሚሄደው 3.14 ሜትር ነው፤ 1.5 ሜትር ቢሆን ግን 4.71 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ መፍጠን የፈለገ ሁሉ የፊቱን መንኰራኩር ማሳደግ ነበረበት። የኋላው ሥራ ግን መደገፍ ብቻ ስለ ነበረ፣ ክብደት ለመቀነስ ሲባል እያነሰ ሄደ። በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ጄምስ ስታርሊ በ1870ዎቹ ዓመታት የሠራቸው ብስክሌቶች በዚህ ዓይነት የታወቁ ናቸው። የመንኰራኩሩም መጠን የሚወሰነው በገዢው እግር ርዝመት ነበር፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ ካልደረሰ መንዳት አይችልምና። እንግሊዞች ይህን ብስክሌት ከትልቁና ከትንሹ ሳንቲማቸው ስም ወስደው «ፔኒ ፋርዚንግ» አሉት።

በዚህ ብስክሌት ብዙ ተሠርቶበታል። ቶማስ ስቲቨንስ የተባለ ሰው ከ1884 እስከ 1886 ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ዓለምን የዞረው በእሱ ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረበት። ነጂው የሚቀመጠው ከፊተኛው መንኰራኩር እምብርት በላይ ስለ ሆነ፣ መንኰራኩሩ ድንጋይ ቢያገኘው ወይም ፍሬን በድንገት ቢያዝ ሰውየው በመሪው ላይ ተሻግሮ በራሱ ይተከል ነበር።

ይህን አደጋ ለማራቅ በአሜሪካ አገር አንዳንድ ሠሪዎች ነገሩን ገለበጡት። «ስታር» የተባለው ብስክሌት ትንሹን መንኰራኩር ከፊት፣ ትልቁን ከኋላ ያደረገ ነበር። የነጂው ክብደት ወደ ኋላ ስለ ተመለሰ በራስ መተከሉ ቀረ። በ1884 ሉሲየስ ኮፕላንድ የተባለ አሜሪካዊ በዚሁ በስታር ብስክሌት ላይ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ገጠመ። እንግዲህ መንኰራኩሮቹ በተበላለጡ ብስክሌት ላይ ሞተር መጫን ከ140 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው ማለት ነው። የእኛ አያ ጅቦ የመጀመሪያው ዘመድ ይህ ነው፤ ልዩነቱ ያኛው ከፊቱ፣ የእኛው ከኋላው ዝቅ ማለቱ ነው።

በእንፋሎት ኃይል የሚሄድ ብስክሌት የጀመረው ግን ኮፕላንድ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ሉዊ ጊዮም ፔሮ በ1869 ለእንፋሎት ብስክሌት የባለመብትነት ወረቀት ወስዶ ነበር። በአሜሪካም በዚያው ዘመን ሲልቬስተር ሮፐር የራሱን ሠርቷል። ሮፐር ከዚያ በኋላም ሥራውን ሲያሻሽል ኖሮ በ1896 በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ የመሮጫ ሜዳ የእንፋሎት ብስክሌቱን ሲፈትን ሳለ ወድቆ ሞተ። ይህን ስናነብ ሞተርን በብስክሌት ላይ መጫን የጨዋታ ነገር አለመሆኑን ተረዳን።

1885 ለብስክሌትም ለሞተርም ትልቅ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በኮቨንትሪ የጄምስ ስታርሊ የወንድም ልጅ ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የተባለውን ብስክሌት አወጣ። ፔዳሉ ከፊት መንኰራኩር ተነሥቶ መሐል ላይ ተተከለ፤ ኃይሉም በሰንሰለት ወደ ኋላ መንኰራኩር ተላለፈ። ከፔዳሉ ዘንድ ያለው ባለጥርስ ክብ ትልቅ፣ ከኋላው ያለው ትንሽ ሲሆን አንድ የእግር ዙር ከአንድ በላይ የመንኰራኩር ዙር ይሰጣል። ቀድሞ የመንኰራኩሩ ትልቅነት ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን የጥርሶቹ ቍጥር ሠራው። ስለዚህ መንኰራኩሮቹ ወደ እኩልነት ተመለሱ። በ1888 ደግሞ በቤልፋስት ከተማ የሚኖር ጆን ቦይድ ዳንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለሦስት መንኰራኩር ብስክሌት በአየር የሚነፋ ጎማ ስለ ሠራ፣ አነስ ያለ መንኰራኩርም ቢሆን ሳያንገጫግጭ መሄድ ቻለ።

በዚያው በ1885 በጀርመን አገር በካንሽታት ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ ግማሽ የፈረስ ጕልበት ያህል ኃይል ያለውን የነዳጅ ሞተራቸውን በእንጨት በተሠራ ብስክሌት ላይ ገጠሙት። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ይህም ብስክሌት ሁለት ዓይነት መንኰራኩር ነበረው፤ ሁለቱ ትልልቆች ሲሸከሙ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሾች እንዳይወድቅ ይደግፉት ነበር። ከዳይምለር ልጆች አንዱ ሲፈትነው ከመቀመጫው በታች ያለው የሞተሩ ማቀጣጠያ ግሎ ኮርቻውን እሳት እንዳስያዘው ይነገራል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን የሙኒክ ከተማው ባለሞተር ብስክሌት ነው። በ1894 ሄንሪክና ቪልሄልም ሂልደብራንድ የተባሉት ወንድማማቾች ከአሎይስ ቮልፍሙለር ጋር ሆነው ለገበያ በብዛት የተሠራውን የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት አወጡ። የሞተሩ ይዘት 1489 ሲሲ፣ ኃይሉም በደቂቃ 240 ጊዜ ሲዞር 2.5 የፈረስ ጕልበት ነበር። የፊቱ መንኰራኩር 26 ኢንች፣ የኋላው 22 ኢንች ነው። እነሆ፣ እንደ እኛው ከኋላው ዝቅ ያለ ጅብ!

እነዚህ ሰዎች የኋላውን ያሳነሱት ሌላ አጥተው አይደለም። በእነሱ ሞተር ብስክሌት ሰንሰለት የለም፤ የሁለቱ ፒስተኖች የብረት ክንዶች ቀጥታ የኋላውን መንኰራኩር ያዞራሉ። ያለ ጥርስ ሲኬድ ኃይልንና ፍጥነትን ማመጣጠኛው የመንኰራኩሩ መጠን ብቻ ነው። በደቂቃ 240 ዙር ሲዞር ባለ 22 ኢንቹ በሰዓት ወደ 25 ኪሎ ሜትር፣ ባለ 26 ኢንቹ ደግሞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ያነሰው መንኰራኩር ፍጥነት ይቀንሳል፤ በምትኩ መሬቱን ይበልጥ አጠንክሮ ይገፋል። ፔኒ ፋርዚንግን የሚነዳው ሰው ፍጥነት ፈልጎ መንኰራኩሩን አሳደገ፤ የሙኒክ ሰዎች ግን ኃይል የሚሰጣቸውን ትንሹን መረጡ። ሒሳቡ አንድ ሆኖ ሳለ የተፈለገው ነገር ስለ ተለያየ መልሱ ተለያየ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሞተሩ የት ይቀመጥ የሚል ነበር። በፓሪስ ይኖሩ የነበሩት የቬርነር ወንድማማቾች በ1897 ሞተሩን ከፊት መንኰራኩር በላይ አድርገው መንኰራኩሩን በቀበቶ አዞሩ። ሆኖም ክብደቱ ከፍ ብሎ ከፊት ስለ ነበር፣ ብስክሌቱ በረጠበ መንገድ እየተንሸራተተ ይጥል ነበር። በ1901 ሞተሩን አውርደው ፔዳሉ በሚገኝበት በመሐል አስቀመጡት፤ ዛሬም አብዛኛው ሞተር ብስክሌት ሞተሩን የሚሸከመው በዚያው ቦታ ነው። እኛም የውሃ መሳቢያውን ሞተር ከኋላ በዕቃ መጫኛው ላይ ልናስቀምጠው አስበን ነበርና፣ ይህን ካነበብን በኋላ አውርደን ከመሐል አሰርነው።

የመንኰራኩር መበላለጥ ጥቅም ፍጥነትና ኃይል ብቻም አይደለም። የእንግሊዝ አገር ሥጋ ሻጮችና ዳቦ ጋጋሪዎች ዕቃ ያደርሱበት የነበረው ብስክሌት ከኋላው 26፣ ከፊቱ 20 ኢንች ነበር። ፊቱ ዝቅ ሲል በላዩ ትልቅ ቅርጫት ይቀመጣል፤ ጭነቱም ወደ መሬት ስለ ቀረበ ብስክሌቱ በቀላሉ አይገለበጥም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ብዙ አገር ተቸግሮ ነበርና ባለሞተር ብስክሌት እንደገና ተፈለገ። በጃፓን አገር በሐማማትሱ ከተማ ሶይቺሮ ሆንዳ በ1946 ለጦር ሠራዊት ሬዲዮ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት ተሠርተው የተረፉ ትናንሽ ሞተሮችን እየገዛ በብስክሌት ላይ ይገጥም ጀመር። ለመጀመሪያው ሙከራ የቤንዚን መያዣ ያደረገው በብርድ ጊዜ አልጋ የሚሞቅበትን የሙቅ ውሃ ዕቃ ነበር። በ1948 የተቋቋመው ኩባንያው በኋላ ከዓለም ሞተር ብስክሌት ሠሪዎች ሁሉ የበለጠ ሆነ። በኢጣልያም በቱሪን ከተማ የተጀመረው 48 ሲሲ የሆነ ትንሽ ሞተር በተራ ብስክሌት ላይ እየተገጠመ ይሸጥ ነበር፤ ድምፁ የውሻ ግልገል ጩኸት ስለሚመስል «ኩቾሎ»፣ ማለት «ቡችላ» አሉት። የእኛ አገር ሰውም እንዲሁ ሞተር ብስክሌትን በድምፁ «ዶቅዶቄ» ብሎ ጠርቶታል።

በፈረንሳይ ከ1946 ጀምሮ የተሸጠው ቬሎሶሌክስ ግን ሒሳቡን ለወጠው። በእሱ ላይ ሞተሩ ከፊት መንኰራኩር በላይ ሆኖ ትንሽ ድቡልቡል ጥቅልል በጎማው ላይ ተጭኖ ጎማውን በግጭት ያዞራል። ይህ ሲሆን የመንኰራኩሩ መጠን ፍጥነቱን ከቶ አይነካውም። ጥቅልሉ 5 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ኖሮት በደቂቃ 2000 ጊዜ ቢዞር፣ የጎማው ዳር በደቂቃ 314 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት ወደ 19 ኪሎ ሜትር ነው። መንኰራኩሩ 20 ኢንችም ይሁን 26 ውጤቱ ያው ነው። ይህን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተን እስክናየው ድረስ ማናችንም አላመንነውም ነበር።

ወደ አያ ጅቦ እንመለስ። የእኛ ሞተር ኃይሉን የሚያስተላልፈው በመጀመሪያ በቀበቶ፣ ከዚያም በሰንሰለት ነው። ቀበቶው ዙሩን ሦስት ጊዜ፣ ሰንሰለቱ ስድስት ጊዜ ስለሚቀንሰው በጠቅላላው 18 ጊዜ ይቀነሳል። ሞተሩ በደቂቃ 3600 ጊዜ ሲዞር የኋላው መንኰራኩር 200 ጊዜ ይዞራል። ባለ 20 ኢንቹ በዚህ ዙር በሰዓት ወደ 19 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ባለ 26 ኢንች ብናገኝ ኖሮ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሄደ ነበር። ነገር ግን ትንሹ መንኰራኩር መሬቱን የሚገፋው ከትልቁ 1.3 ጊዜ አጠንክሮ ነው። የትምህርት ቤታችንን በር ዳገት የሚያውቅ ሰው የትኛው እንደሚሻል ይፈርዳል። ስላጣን ብቻ ያደረግነው ነገር ሳናውቀው ለዳገት ተስማማ።

ሆኖም ያላሰብነው መዘዝም ነበረው። እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንደብቅ እንናገራለን። መምህራችን የከለከሉንን ረስተን፣ ንባባችንም ገና ሳያልቅ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አስነሣነው። የኋላው ፍሬን የተሠራው ለ26 ኢንች ቸርኬ ስለ ሆነ፣ 20 ኢንቹን ሊይዘው ቀርቶ አይደርስበትም ነበር። እኛ ግን «የፊቱ ይበቃል» አልን። ከጓደኞቻችን አንዱ ሜዳውን ቍልቍል ሲነዳ የፊቱ ፍሬን ብቻውን ሰውንና ሞተርን ማቆም አቃተው። አጥሩን እንዳይመታ በድንገት ሲታጠፍም ፔዳሉ መሬት ነክቶ ጣለው። የኋላው መንኰራኩር እምብርት በ3 ኢንች ስለ ወረደ፣ ፔዳሉ የተተከለበት ቦታም ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አልለካውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጕልበቱና ክርኑ ከመላጡ በቀር ሌላ ጕዳት አልደረሰበትም። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሁለት ወር የሠራነውን እንደገና ፈታነው።

መምህራችን ሲሰሙ አልተቈጡም፤ የወደቀውን ልጅ ወላጆች ራሳችን ሄደን ይቅርታ እንድንጠይቅ ብቻ አዘዙን። ሄድንም። እናቱ ሻይ አፍልተው ካስተናገዱን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ የሚሄደውንስ ሠራችሁ፤ የሚቆመውን መቼ ትሠራላችሁ?» አሉን። ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ይህች ቃል በልባችን ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን ሁሉ የሚቆመውን መሥራት ሆነ። በሰፈራችን ብየዳ ቤት ላሜራ አስቈርጠን የኋላውን ፍሬን ማሰሪያ 3 ኢንች አወረድነው። የፔዳሉን ረጃጅም ክንዶች አውጥተን ከልጅ ብስክሌቱ በተገኙት አጫጭር ክንዶች ተካናቸው፤ ሲታጠፍም መሬት መንካቱ ቀረ። በመሪው ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ሞተሩን የሚያጠፋ ማጥፊያ አደረግን። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በአራት እጥፍ እንደሚጨምር በፊዚክስ ትምህርት ተምረን ነበርና፣ ይህንኑ በሜዳው ላይ ኖራ እያሰመርን በሜትር ለክተን አየነው። ታርጋና መንጃ ፈቃድ ስለሌለንም ብስክሌቱን ከትምህርት ቤቱ ግቢ አናወጣውም።

በመንኰራኩር መበላለጥ የሚጠቀሙ በዘመናችንም አሉ። በጭቃና በኮረብታ የሚወዳደሩት ሞተር ብስክሌቶች የፊታቸው መንኰራኩር 21፣ የኋላቸው 19 ወይም 18 ኢንች ነው፤ ትልቁ ጕድጓድና ድንጋይ ተራምዶ ሲያልፍ፣ ትንሹ ወፍራም ጎማ ለብሶ ኃይሉን ወደ መሬት ያስተላልፋል። በተራራ ላይ የሚነዱ አንዳንድ ብስክሌቶችም ከፊት 29፣ ከኋላ 27.5 ኢንች መንኰራኩር አላቸው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የተረዳነው ይህን ነው። መንኰራኩሮች የተበላለጡት አንድ ጊዜ ለሰው እግር፣ አንድ ጊዜ መውደቅን ለመከላከል፣ አንድ ጊዜ ለሞተር ኃይል፣ አንድ ጊዜም ለጭነት ሲባል ነው። መበላለጣቸው ብቻውን ጥፋትም ጥበብም አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ምን እንደሚያስከትል ሳይለኩ ሲቀሩ ነው። ያለን ዕቃ ያልተሟላ መሆኑ አያሳፍርም፤ ሆንዳም የጀመረው በትርፍ ሞተርና በሙቅ ውሃ ዕቃ ነው። የሚያሳፍረው ሜትሩ በእጃችን ሳለ ሳንለካ መቅረታችን ነበር።

ከእኛ በኋላ ወደ ክበቡ የምትገቡ ታናናሾቻችን ሆይ፣ አያ ጅቦን ለእናንተ ትተንላችሁ እንሄዳለን። ከፈለጋችሁ የኋላውን መንኰራኩር በትልቅ ለውጡት፤ ፍጥነት ትጨምራላችሁ፤ ዳገቱ ግን ይከብዳችኋል። ፍሬኑን መልሳችሁ ከፍ ማድረግ እንዳትረሱ። ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊትም ለኩ።